ኮምፒዩተሩን የከፈተው ሰው በማን ፈቃድ ገባ?

የመጋዘኑ ሂሳብና የባንኩ መግለጫ አልገጥም ብሏል፤ ገንዘብ ያዡ ተጠርጥሯል። ባለድርጅቱ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ይጠራና «የተሰረዘውን ፋይል አውጣልኝ» ይለዋል። ትእዛዙም ዋጋውም በቃል ነው፤ የገበያችን ልማድ ነውና። ጣጣው የሚመጣው ገንዘብ ያዡ ከሳሽ ሆኖ የቀረበ ዕለት ነው።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት የገባን ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 እስከ 50,000 ብር መቀጮ ወይም በሁለቱም ይቀጣል። «ከፈቃድ በላይ» የምትለዋን ልብ ይሏል። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተር እንዲያይ የታዘዘ ባለሙያ፣ እግረ መንገዱን ክፍት ያገኘውን የሠራተኛውን የግል ኢሜይል ከበረበረ፣ ባለድርጅቱ ራሱ በሌለው ሥልጣን ገብቷል።

ወረቀት ቢኖርስ? የማን ወረቀት? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ የግዛቱ ፍርድ ቤቶች አስተዳደር ጥበቃውን እንዲፈትሹ የቀጠራቸው ሁለት ባለሙያዎች በሌሊት ዳላስ ካውንቲ ፍርድ ቤት ውስጥ ተያዙ። የፈቃድ ደብዳቤ በእጃቸው ነበር። ሸሪፉ ግን ሕንፃው የካውንቲው እንጂ የግዛቱ አይደለም አለ። ሰብሮ በመግባት ተከሰው በነፍስ ወከፍ 50,000 ዶላር ዋስ ተጠየቁ። ክሱ የተነሳላቸው በጥር 2020 ነው።

የሙያ ፈቃድ ይበጃል የሚሉ አሉ። ቴክሳስ በ2007 ለሕዝብ ክፍት ያልሆነ የኮምፒዩተር መረጃን መመርመር በግል መርማሪነት ፈቃድ ሥር አስገባች። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ2008 ይህን መሰሉን አሠራር ተቃወመ፤ እኛም ከማኅበሩ ጋር ነን። የሰው ትዳር ሲከታተል የኖረ መርማሪ ስለ ሃርድ ዲስክ ምን ያውቃል? ለእኛ የሚያሻው በሙያው ችሎታ የሚመዝን ፈቃድ ነው፤ ከዚያም በላይ፣ የባለመብቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይዞ በቅን ልቦና ለሠራ ባለሙያ በሕግ የተጻፈ ከለላ።

እስከዚያው ግን ባለሙያው ያለ ማኅተም አይነሳ። ደብዳቤው የትኛው ኮምፒዩተር፣ የትኛው ዲስክ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ብሎ ይዘርዝር። ዲስኩ መጀመሪያ ይገልበጥ፤ ምርመራው በግልባጩ ላይ ይሁን። የሠራተኛው የግል ስልክ ከሆነ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ይተው።