ጠጉረ ረጅሟን ውሻ ስለ ማበጠር

በአቃቂ ቤቶቻችን ጠባቂው ውሻ በደጅ ያድራል፤ ጠጉረ ረጅሟ ትንሽ ውሻ ግን ከልጆቻችን ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ትተኛለች። ስለዚህ እርሷን ማበጠር ቅንጦት ነው የሚሉትን ሰዎች አሳብ አንቀበልም። ረጅም ጠጉር ቁንጫንና መዥገርን ይሸሽጋል። በቁንጫም ውስጥ የሚያድር የውሻ የሆድ ትል አለ፤ ሕፃን ሲጫወት ቁንጫውን ሳያውቅ ቢውጥ ትሉ ወደ እርሱ ይተላለፋል።

ሥራው ከባድ አይደለም። በየቀኑ ከቤት ውጭ፥ ከጠጉሩ ጫፍ ጀምሮ ወደ ሥሩ እየተጠጉ በቀስታ ማበጠር ይበቃል። ከጆሮዋ ኋላና ከብብቷ ሥር የተቋጠረውን በጣት ማላላት ይገባል። የተቋጠረ ጠጉር በውኃ ሲርስ ይብሱን ይጠብቃልና ማበጠር ከማጠብ ይቀድማል። ከታጠበችም በኋላ እስከ ጠጉሯ ሥር ትድረቅ፤ ያበጠራትም ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ።

በአቃቂ ወንዝ ማጠብ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ወንዙ የከተማውንና የፋብሪካውን እድፍ ተሸክሞ ይወርዳልና። ለሰብል የተሠራ የተባይ መርዝም ውሻዋን ሊገድል፥ ልጆችንም ሊጎዳ ይችላል፤ የሚስማማውን መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ይዘዝ።

ንጽሕና ብቻውን የእብድ ውሻን በሽታ አይከለክልም፤ ክትባት ያስፈልጋል። መምህራን ሆይ፥ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ለተማሪዎቻችሁ አስተምሩ።

ለማበጠሪያና ለክትባት የሚሰስት ሰው ውሻዋን ከቤቱ ባያስገባ ይሻላል እንላለን።