ባለቤቱ የማያየው መብራት

ባለፈው ማክሰኞ ማምሻውን ጋራዤን ልዘጋ ስል አንድ ወጣት ቦክሰር ሞተሩን እየገፋ ደረሰ። ከነገሌ ወደ አካባቢው ቀበሌዎች ሰው እያመላለሰ የሚያድር ልጅ ነው፤ ከዚህ በፊት ካንዴላ ቀይሬለታለሁ። «ጋሼ፣ ፍሬቻው አብዷል» አለኝ። እውነትም የግራው ሲበራ እንደ ደነገጠ ሰው ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ወደ ፍሬቻው ሳልደርስ ግን ዓይኔ የኋላ መብራቱ ላይ ዐረፈ። የፋብሪካው ከነፍሬቻው ወልቆ፣ ሰው ልኮ ከሞያሌ ያስመጣው ኤልኢዲ ገብቷል። ሽፋኑ እንደ ፀሐይ መነጽር የጠቆረ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀ ይብለጨለጫል።

«ፍሬን ያዝ» አልኩት። ያዘ። መድመቅ የነበረበት መብራት ደብዘዝ አለ።

«አይተኸው ታውቃለህ?»

«የቱን ጋሼ?»

«ፍሬን ስትይዝ የሚሆነውን።»

«እየነዳሁ እንዴት አየዋለሁ?»

ይህ መልስ ከዚያ ምሽት ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም። ልጁ ልክ ነው፤ አያየውም። የፊት መብራት ቢጠፋ ባለሞተሩ ያኔውኑ ያውቃል፣ መንገዱ ይጨልምበታል። ክላክሱ ባይጮህ ያውቃል። ነዳጅ ቢቆራረጥ ያውቃል። የኋላ መብራት ግን ወር ሙሉ ጠፍቶ ሊከርም ይችላል። የሚያየው ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ብቻ ነው፤ እሱም ካላየ በኋላ ሊነግረን አይችልም።

በቆላው አገር ደግሞ ጨለማ የሥራ ሰዓት ነው። ከነገሌ ወደ ፊልቱ፣ ወደ ሁደት፣ ወደ ዶሎ አዶ በተወረደ ቁጥር ቀኑ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሰው ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይንቀሳቀሳል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ማምሻችን አጭር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ድፍን ጨለማ ይሆናል። ከብትና ግመል መንገድ ያቋርጣል። ከፊት የሄደው መኪና ያስነሣው ቀይ አቧራ ሳይወርድ ሌላው ይከተላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አይሱዙ በአንድ ሰከንድ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ መኪናው ገና ፍጥነቱን ሳይቀንስ 25 ሜትር አልፏል። ከፊቱ ያለው ሞተር ከኋላ ጨለማ ከሆነ እነዚህ 25 ሜትሮች ከየት ይመጣሉ?

ወደ ልጁ ቦክሰር ልመለስ። ቴስተሬን ቮልት ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ጥቁር ሽቦ ላይ አሳረፍኩ። ፍሬን ሲያዝ 4 ቮልት አሳየኝ፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን ነበረበት። እነዚያ 4 ቮልቶች መብራቱ ላይ መድረስ ሲገባቸው መንገድ ላይ ቀርተዋል። ልጁ ማሳውን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪው የሚመልሰውን ይህን ጥቁር ሽቦ፣ በጥርሱ ልጦ፣ ቀለም በተቀባ ቡሎን ሥር ጠምዝዞ አስሮታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የሚነካካው በቡሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጩ ብረት ፋቅሁ፣ ሽቦውን ጫፍ አበጅቼ በስታኞ በየድኩ፣ አጠበቅሁት። መብራቱ ነቃ።

ይህን በዝርዝር የምጽፈው ወደ እኔ ከሚመጡት የመብራት ብልሽቶች የሚበዙት ማሳ ስለሆኑ ነው። ሰው አምፖል ይገዛል፣ አሁንም ይገዛል፣ ቀጥሎ ባትሪ ይቀይራል። የፋብሪካው አምፖል በሆዱ ሁለት ክር አለው፤ ሁልጊዜ የሚበራው 5 ዋት፣ ፍሬን ሲያዝ የሚበራው 21 ዋት ነው። ማሳው ከላላ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ ሲያጣ በሌላው ክር፣ በፍሬቻው አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ፍሬቻ ስታበሩ የኋላው መብራት አብሮ ከተርገበገበ፣ ወይም ፍሬን ስትይዙ ከደበዘዘ፣ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን ፈትሹ። እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበው የጠጠር መንገዳችን ደግሞ የራሱ ሥራ አለው። ሽቦው ከሻንሲው ወደ መከላከያው በሚታጠፍበት ቦታ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል። በጣት ሳብ ሲያደርጉት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ያኔ ነው የሚታወቀው።

ፍሬቻው ያበደበት ምክንያት ሌላ ነው። ፍሬቻውን የሚያብለጨልጨው የድሮው ፍላሸር የሚሠራው በሚያልፍበት ኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ በአንድ ጎን ሁለት ባለ 10 ዋት አምፖሎችን ይጠብቃል። የኋላው ፍሬቻ በኤልኢዲ ሲተካ ጭነቱ ስለሚቀንስ አምፖል የተቃጠለ ይመስለውና ይቸኩላል። መድኃኒቱ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ነው። እሱን የማይሸጥ ሱቅ መብራቱን ብቻ ለምን እንደሚሸጥ አይገባኝም።

እኔ ከውጭ የሚገዛ መብራት ጠላት አይደለሁም። እንዲያውም ኤልኢዲ ለዚህ አገር የተፈጠረ ያህል ነው። የሚበጠስ ክር የለውም፣ መንቀጥቀጥን ይቋቋማል፣ የደከመ ባትሪን አያስጨንቅም። ለዓይን የሚታይ ብርሃን የሰጠው የመጀመሪያው ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካ ውስጥ የተሠራው ሲሆን ቀለሙ ቀይ ነበር። የእኔ ጠብ ከጠቆረው ሽፋን ጋር ነው፤ ከሰማያዊው ጋር ነው፤ ሁልጊዜ ከሚብለጨለጨው ጋር ነው። ከኋላ ቀይ ማለት «እዚህ ነኝ» ማለት ነው። ቀዩ ሲደምቅ «ልቆም ነው» ማለት ነው። ሾፌሩ በሌሊት ሌላ ቋንቋ የለውም። ያለማቋረጥ የሚብለጨለጭ መብራት ፍሬን ሲያዝ ምን ጨምሮ ሊናገር ይችላል?

አንድ ሌላ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የተቃጠለ ቫልቮላ በሲጋራ ወረቀት ብር እየጠቀለሉ መመለስ። ቫልቮላው የተቃጠለው የሆነ ቦታ ሽቦ ከብረት ስለተነካካ ነው። ብሩን ስትጠቀልልበት እሱ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ከነዳጅ ታንከሩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ነው። ባለፈው በጋ ከወንበሩ ሥር የጀመረ እሳት ይዞ የመጣ ሞተር በአሸዋ አጥፍቻለሁ። ባለቤቱ፣ አንድ የቦረና ሽማግሌ፣ አጠገቤ ቆመው «ልጄ፣ ይህ ለልጄ ጥሎሽ ያስቀመጥኩት ላም ዋጋ ነበር» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

አሁን ጥያቄዬን በቀጥታ ላቅርብ። ትራፊክ ፖሊሶቻችን ሞተር ሲያስቆሙ መንጃ ፈቃድና ሄልሜት ይጠይቃሉ፤ ጥሩ ነው። ከኋላ ዞረው «ፍሬን ያዝ» ለማለት አምስት ሰከንድ ይበቃል። ፍተሻውም ቀን በጠራራ ብቻ ሳይሆን ማምሻ ላይ ይሁን። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ የጠቆረ ሽፋን ያለው ሞተር እንዳያልፍ ይደረግ። ለጤና ኤክስቴንሽን፣ ለእንስሳት ክትባት፣ ለውሃ ሥራ ሞተር የሚያድሉ መሥሪያ ቤቶችና ፕሮጀክቶች ለነዳጅ እንደሚመድቡ ሁሉ ለአምፖልና ለሽቦ ይመድቡ። የመንግሥት ታርጋ ለጥፈው ከኋላ ጨልመው የሚመጡ ሞተሮችን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሞተርን መከልከል መልስ ነው የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ሞተሮችን አግዳ ነበር። አዲስ አበባ ታክሲ አላት፣ ባቡር አላት። በእኛ ዘንድ ግን ምጥ የያዛትን ሴት መኪና ከማይገባበት መንደር የሚያወጣት ሞተር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከኩሬ የሚያመላልሰው ሞተር ነው። ያ ጀሪካን፣ ያ የሣር ሸክም፣ ያ የታሰረ ፍየል ደግሞ የኋላውን መብራት ይሸፍነዋል። የሚጭን ሰው ከጭነቱ በስተኋላ የሚያንጸባርቅ ቀይ ላስቲክ ይለጥፍ፤ ሽቦም ባትሪም አይፈልግም።

ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ጥያቄ አለኝ። ጋራዥ የምንሠራ ሰዎች አብዛኞቻችን ሙያውን ያገኘነው ቁልፍ እያቀበልን ነው። ሞተሩን ፈትቶ መግጠም በዚያ መንገድ ይለመዳል፤ ኤሌክትሪክ ግን አይታይምና በማየት ብቻ አይለመድም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እየበዛ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክሉም ተከትሎ ወደ እኛ ይደርሳል። ባለ 12 ቮልቱን ማሳ በጥርስ ልጦ የሚያስር ልጅ 72 ቮልት ባትሪ ሲመጣለት ምን ያደርገዋል? ቴስተር መያዝን፣ ቮልት መለካትን፣ ሽቦ መበየድን የሚያስተምር የአንድ ወር የማታ ትምህርት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። እኔ ራሴ እመዘገባለሁ።

ነገሌ ሆኖ ትንሽ ብልሽትን መናቅ አያምርም። በጥር 1966 ዓ.ም. እዚህ የነበሩ ወታደሮች ያመፁት ምግቡ ከፍቶባቸው፣ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱም ተከልክለው ነው። ያ ፓምፕ በጊዜው ቢጠገን አገሪቱ ሌላ ትሆን ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ግን አለመጠገኑ ታሪክ ውስጥ ገብቷል።

ልጁን በዚያ ማታ ሽፋኑን አስቀየርኩት። ከመደርደሪያዬ የወረደ ያገለገለ ቀይ ሽፋን፣ ለኤልኢዲ የሚሆን ፍላሸር፣ ስንጥር ስታኞ፤ ሥራው ከአንድ ሰዓት አልበለጠም። ጥቁሩን ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ መልሶ ሊገጥመው ይችላል፤ ገንዘቡ ነው።

ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ጋራዤ ክፍት ነው። የኋላ መብራት መፈተሽና ማሳ ማጥበቅ በነፃ ነው፤ ዕቃ ካስፈለገ ብቻ ዋጋውን ትከፍላላችሁ። ስትመጡ ግን ብቻችሁን አትምጡ። ከኋላ ቆሞ የሚያይላችሁ አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ።