የኮምፒውተር እድሳት ሲሰናከል የቤተ ሰብን መዝገብ ስለ ማዳን

ዊንዶውስ 10 የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና በሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት ወጥቶ ዐሥር ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ፥ ሠሪው ማይክሮሶፍት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት መደበኛ ጥበቃውን አቁሞበታል። ሥርዓተ ክወና ማለት መኪናው ሲበራ ቀድሞ የሚነቃ፥ ጽሕፈቱንም ሥዕሉንም ድምፁንም የሚያስተዳድር፥ በትልቅ ቤት እንዳለ አዛዥ ያለ ነው። ጥበቃው ስለ ቀረ ብዙ ሰው አዛዡን ለውጦ ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ተነሣ። ሽግግሩ የሠመረለት ደስ ይበለው፤ የዛሬው ጽሕፈታችን መንገድ ላይ ለቀረበት ሰው ነው።

እድሳቱ ሲሰናከል መስተዋቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ወይም ሰማያዊ ሆኖ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይቅርታ ያሳያል፤ ወይም ደግሞ ነጠብጣቦቹ እየዞሩ መኪናው ሲጠፋና ሲበራ ያድራል። ይህን ጊዜ የቤቱ ሰው ደንግጦ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል። ጠጋኙም፥ ሁሉ ባይሆን አብዛኛው፥ መኪናውን ገልጦ እንኳ ሳያይ «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ማለት በቤተ ክህነት ሰው አነጋገር ብራናውን መፋቅ ነው። የተፋቀ ብራና አዲስ ጽሕፈት ለመቀበል ይመቻል፤ በፊት የነበረበትን ግን ማን ያነበዋል? ጠጋኙ መኪናውን በአንድ ሰዓት አድኖ ዋጋውን ይቀበላል፤ ባለቤቱም የዳነ መኪና ይዞ ቤቱ ከገባ በኋላ የሞተች እናቱን ፎቶግራፍ ይፈልጋል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው፥ አዛዡ ታሞ ቢተኛ ጎተራው አልተቃጠለም። መኪናው አልነሣ ሲል ሰነዱ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በአብዛኛው ጊዜ ጽሕፈቱም ፎቶግራፉም በሃርድ ዲስኩ ላይ በነበረበት ቦታ ተቀምጦአል፤ የጠፋው በሩን የሚከፍተው ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ሰነዱን ማውጣት፥ ቀጥሎ መኪናውን ማንሣት። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ቢቀናውም እንኳ በዕድል ነው የቀናው።

ነገሩ ለይፋት ቆላ ሰው ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። ከጣርማ በር ወርዶ ከሸዋ ሮቢት ጀምሮ በጀውሃና በሰንበቴ አድርጎ እስከ አጣዬና ካራቆሬ ያለው አገር ሙቀቱ ብርቱ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ 1,280 ሜትር ያህል ሲሆን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። እድሳት ደግሞ መኪናውን ለሰዓታት ያለ ዕረፍት የሚያሠራ ነው። ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ በቀትር ሲታደስ እጅግ ይግልና፥ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን በድንገት ይጠፋል፤ ሰውየው ግን ተበላሸ ብሎ ያስባል። የመብራት መቋረጥ ሲጨመርበት፥ ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒውተር በእድሳት መካከል ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ በቆላ አገር እድሳት የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ፥ አቧራው ተጠርጎ፥ ላፕቶፕም ከሆነ ባትሪው ሞልቶ ነው። የጠረጴዛው ዓይነት ከሆነ ዩፒኤስ የሚባለው የመብራት መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። የመኪናው አቅምም አስቀድሞ ይታይ። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራምና 64 ጊጋ ባይት ማከማቻ፥ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለውንም የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል። ይህ የሌለውን አሮጌ መኪና በብልሃት አስገድዶ ማሻገር የሚቻል ነው ቢባልም፥ የቤተ ሰብ መዝገብ በተቀመጠበት መኪና ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ መልካም ሆኖ አይታየንም።

የሰነዱስ ነገር ቀላል ነውን? በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል፥ በኅዳር 2014ም ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ ብዙ ሰው በሩን ዘግቶ ሳይሆን ጥሎ ወጥቷል። የመሬት ይዞታ ደብተር፥ የጋብቻ ውል፥ የልጆች የትምህርት ማስረጃ በሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው፤ ሣጥኑ ከተቃጠለ በኮምፒውተር የቀረው ፎቶግራፍ ዋናውን ባይተካ እንኳ መዝገብ ቤት ሄዶ ቍጥሩንና ቀኑን ጠቅሶ ለማስፈለግ ይረዳል። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው እንደሚመሰክረው፥ ቍጥር ይዞ የመጣ ባለጉዳይና ባዶ እጁን የመጣ ባለጉዳይ እኩል አይስተናገዱም፤ ፋይል አውጪው ሰነፍ ስለ ሆነ ሳይሆን መደርደሪያው ብዙ ስለ ሆነ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መብራት ተቋርጦ ሲመለስ መኪናውን አብርቶ መተው ነው። እድሳቱ ሲሠራ የቀድሞውን ሥርዓት አይጥለውም፤ ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ማኅደር ለብቻው ያስቀምጠዋል። መቀጠል ካልቻለ የለወጠውን እየመለሰ መሆኑን በመስተዋቱ ላይ ጽፎ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ መመለስ ባረጀ ሃርድ ዲስክ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ትዕግሥት ያጣ ሰው በዚህ መካከል ማጥፊያውን ተጭኖ ይይዘዋል፤ በራሱ ሊድን የነበረውም መኪና ያን ጊዜ በእውነት ይታመማል። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ እጅን መሰብሰብ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢሆንም።

አድሮም ካልተነሣ፥ ምልክቱ ብቅ ሲል ማጥፊያውን ዐሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ ማጥፋት፥ ይህንንም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መደጋገም ነው። መኪናው መነሣት እንዳቃተው አውቆ የጥገናውን ገጽ ራሱ ያወጣል። በዚያ ላይ «ትራብልሹት» ከሚለው ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ሲገባ ዝርዝር ይገኛል። «ስታርታፕ ሪፔር» አነሣሡን ይጠግናል፤ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» መጨረሻ የመጣውን እድሳት ይነቅላል፤ «ሲስተም ሪስቶር» አስቀድሞ የተመዘገበ ነጥብ ካለ ወደዚያ ይመልሳል። እነዚህ ሦስቱ ሰነድ አይነኩም። «ሪሴት» የሚለው ግን ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ሲሆን ሰነዱን ትቶ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ያነሣል፤ ሁለተኛው «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ሲሆን ትርጕሙም እንደ ስሙ ሁሉን መጥረግ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንዲት ጣት ናትና መነጽር ያለው መነጽሩን ያድርግ።

ሰነዱን አስቀድሞ ለማውጣትም በዚያው ዝርዝር መንገድ አለ፤ ጥቂት ሰው ያውቀዋል። «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚለው ተከፍቶ ኖትፓድ ተብሎ ሲጻፍ ትንሽዋ የማስታወሻ ገጽ ትወጣለች። ከእርስዋም «ፋይል» ቀጥሎም «ኦፕን» ሲባል የመኪናው ማኅደር ሁሉ ይታያል፤ ከታች ያለውንም «ኦል ፋይልስ» ወደሚለው መለወጥ ነው። በዚህች መስኮት የተፈለገውን ማኅደር በቀኝ ጠቅታ ኮፒ አድርጎ ፍላሽ ላይ መለጠፍ ይቻላል። እዚያ ውስጥ ሲ ሲባል የነበረው ክፍል ዲ ተብሎ ሊገኝ ይችላልና ባዶ መስሎ ቢታይ መደንገጥ አይገባም። ብዙ ፎቶግራፍ ላለው ሰው ግን ኡቡንቱን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ሥርዓት በሌላ ኮምፒውተር ላይ በፍላሽ አዘጋጅቶ መኪናውን ከፍላሹ ማስነሣት ይቀልለዋል። በዚህ ጊዜ የሚመረጠው «ትራይ» ነው፤ «ኢንስቶል» የሚለው ተነክቶ እስከ መጨረሻው ከተሄደ ያው ብራና መፋቅ ይሆናል።

አንድ ብርቱ እንቅፋት አለ፤ ቢትሎከር የሚባለው መቈለፊያ ነው። ዲስኩን በምስጢር ጽሕፈት ስለሚሸፍነው በጥገናው ገጽም ሆነ በኡቡንቱ፥ ዲስኩ ወጥቶ በሌላ መኪና ቢገባም እንኳ፥ 48 አሐዝ ያለው ቍልፍ ካልተሰጠ አይነበብም። ባለቤቱ ቈልፌው አላውቅም ቢልም፥ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት መለያ ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ ራሳቸውን ይቈልፋሉ፤ ቍልፉም በዚያው መለያ ውስጥ ይቀመጣል። በአገራችን ነገሩን የሚያወሳስበው መኪናው ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር ከዘመድ የተላከ መሆኑ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስት ልጅ በራሱ መለያ ከፍቶ ልኮት ከሆነ ቍልፉ ያለው በእርሱ ዘንድ ነው፤ ጠጋኝ ሺህ ብር ቢቀበል አይከፍተውም። ስለዚህ ወደ ደብረ ብርሃን ከመሳፈር በፊት ወደ አክስት ልጅ መደወል ይቀድማል።

ይህን ቍልፍ ያጡ ታላላቅ መሥሪያ ቤቶችም ነበሩ። በሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓመተ ምሕረት ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ እድሳት በዓለም ላይ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ሰማያዊ አደረጋቸው፤ አውሮፕላን ቆመ፥ ሐኪም ቤትና ባንክ ተቸገረ። መድኃኒቱ ግን መኪናውን በ«ሴፍ ሞድ» አስነሥቶ አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ነበር። ቍልፉን ያገኘ በጥቂት ደቂቃ ተነሣ፤ ያላገኘው ሲፈልግ ዋለ፤ አደረም። የሞተ መስሎ የታየው ሁሉ አልሞተም ነበር።

ዳሩ ግን እድሳት ራሱ ሰነድ የበላበት ጊዜ ስላለ አንባቢን ማዘናጋት አይገባም። በመስከረም 2011 የወጣው የዊንዶውስ 10 እድሳት የአንዳንድ ሰዎችን የሰነድ ማኅደር ደመሰሰ፤ ማይክሮሶፍትም በጥቂት ቀን ውስጥ ሥርጭቱን አቋረጠ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በመኪናው አለመሥራት ነው። የተደመሰሰ ፋይል ሌላ ነገር በላዩ እስኪጻፍ ድረስ በዲስኩ ላይ ሊገኝ ይችላልና፤ በአዲሶቹ ኤስኤስዲ በሚባሉት ግን ተስፋው የሳሳ ነው።

ሰነዱ ከወጣ በኋላ መኪናውን እንደ አዲስ መጫን አያስፈራም። ፍላሹ ግን ከማይክሮሶፍት ገጽ ከተወረደ ይሁን እንጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ አይሁን። ፋይሉ ከ5 ጊጋ ባይት ስለሚበልጥ በስልክ ዳታ ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ ጎረቤት ተባብሮ አንድ ጊዜ ቢያወርደው ለሠፈሩ ሁሉ ይበቃል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቈየ ጊዜ የተዘጋጀ ፍላሽ ያለው ጎረቤት ምን ያህል ይፈለግ እንደ ነበር የሚያስታውስ ያስታውሰዋል።

አዲስ ከተጫነ በኋላ የሚመጣ አንድ የሐሰት ድንጋጤ አለ። ሰውየው የዳነውን ሰነድ ሲከፍት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ነጥብ የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ያያል። ተበላሸ ብሎም ይሰርዘዋል። ሰነዱ ግን አልተበላሸም። ፊደላችን በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ የገባው በአውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፥ በልማድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን፥ በመሥሪያ ቤትም በቤትም የተጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ የላቲንን ቦታ በተዋሱ ፊደሎች ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ እነዚህን ስለማያውቅ የተዋሰውን ላቲን ያሳያል። በንያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፊደል ቢለውጡትም አማርኛ አይሆንም። ያው ጥንት የተጻፈበት ፊደል ሲጫን ጽሕፈቱ ሳይነካ ይመለሳል። የፊደሎቹን ፋይል ከሰነዱ ጋር በአንድ ፍላሽ ያስቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ አይደርስበትም። ለሠላሳ ዓመት የተጻፈ ውልና ኑዛዜ በዚህ ዓይነት ፊደል ያለው ቤት በዩኒኮድ እያስገለበጠ ቢያስቀምጥ ይመረጣል፤ ገልባጩ ፕሮግራም «ኀ»ንና «ሐ»ን፥ ቍጥርንም ሊያሳስት ስለሚችል፥ ስምና የመሬት ስፋት የተጻፈበትን መስመር ሁለት ሰው እያስተያየ፥ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከተለ፥ ማረም ያስፈልጋል።

እድሳቱ ሠምሮለት አዲሱን ሥርዓት ያልወደደ ሰውም ወደ ቀድሞው ለመመለስ ያለው ጊዜ 10 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ ኦልድ ይጠረጋልና፥ ማተሚያው መሥራቱን፥ የአማርኛው መጻፊያ መኖሩን፥ የልጆቹም ማኅደር ሙሉ መሆኑን በመጀመሪያው ሳምንት መርምሮ መወሰን ነው።