ቸርኬው ዳነ፤ ጎማውስ?

የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከመፈንዳቱ በፊት በካርቱም በቆየንባቸው ወራት፣ አንድ ጓዳችን በአሮጌ የቤት መኪናው ቸርኬዎች ዙሪያ ጥቁር የፕላስቲክ ቀለበት አስገጥሞ ነበር። ቀለበቱ ከቸርኬው ጫፍ ጥቂት ወጣ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ መኪናው የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ሲታከክ በአሉሚንየሙ ፈንታ እርሱ ይፋቃል፤ ሲያልቅም ይለወጣል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ጓዳችን ግን ከዚያች ዕለት ጀምሮ ጠርዙን መፍራት ተወ።

አንድ ቀን ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን አሳፍሮ በሱቅ አል ዓረቢ አጠገብ ሲያልፍ፣ ለአንድ ራክሻ መንገድ እለቃለሁ ብሎ የቀኙን የፊት ጎማ ከጠርዙ ጋር በኀይል አጋጨው። ወርዶ ቢመለከት ቀለበቱ ተላጧል፤ ቸርኬው ግን ደኅና ነው። «ተመስገን፣ ገንዘባችን አልባከነም» ብሎ ሊነሣ ሲል ባለቤቱ የጎማውን ጎን በእጇ ዳሰሰችና አስቆመችው። እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶበት ነበር።

ጎሚስታው እንዳስረዳን፣ ጎማው በጠርዙና በቸርኬው መካከል ሲጨመቅ በጎኑ ውስጥ ያሉት ክሮች ይበጠሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ የታመቀውን አየር የሚይዘው ላስቲኩ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጎማ አይጠገንም፤ ይጣላል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ በፍጥነት ላይ ሳለ ቢፈነዳ በእነዚያ ሕፃናት ላይ ሊደርስ ይችል የነበረውን ማሰብ ይከብዳል። ቀለበቱ ለጎማው ጎን ምንም አላደረገለትም።

ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1973፣ አገራችን ደግሞ በ1956 ዓ.ም. የተሽከርካሪ ጉዞን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውረዋል። ስለዚህ መሪ የያዘው ሰው ከጠርዙ የራቀ ሲሆን፣ ለጠርዙ የሚቀርበው ከጎኑ የተቀመጠው ነው። እኅቶቻችን፣ «ቀረብክ» ብትሉት ንዝነዛ አይደለም። (አንዳንድ ባሎች እንደሚቀየሙ እናውቃለን፤ ይቀየሙ!) በጠርዝ ላይ መውጣት ግድ ከሆነም ቀስ ብሎ፣ በአግድም ሳይታከኩ ፊት ለፊት መውጣት ይሻላል። የጎማ አየርም የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ በማለዳ ነው፤ አየሩ የጎደለ ጎማ በቀላሉ ይጨመቃልና።

ቀለበቱ ጥቅም የለውም አላልንም። ይሁን እንጂ ሃቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ አሸዋው ከሥሩ ገብቶ ያንኑ ሊጠብቀው የተገጠመለትን ቸርኬ ይፍቀዋል፤ በየጊዜው ማጠብ ያስፈልጋል።

ጓዳችን አዲስ ጎማ ገዛ። ቀለበቶቹንም አላወለቃቸውም፤ ባለቤቱ ግን ከዚያ በኋላ አራቱንም ጎማዎች ዞራ ሳትዳስስ አትሳፈርም ነበር።