ሎሚውን ማን አስተማረ?

የፍቅር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። «ፍቅርን አደባባይ ማውጣት የፈረንጅ ወግ ነው፤ ለበዓል እንኳ ቁም ነገር ጻፊ» የሚሉኝ አሉ። እስቲ ልጠይቃቸው፦ በጥምቀት ጎረምሳው ሎሚውን ወደ ኮረዳዪቱ ደረት ሲወረውር ያስተማረው ፈረንጅ ነበርን? (ውርወራው ያላስደሰታትም ነበረች፤ እርሷንም ጽፌያታለሁ።) «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለውስ ለታቦቱ ክብር ብቻ ነውን? ለመታየትም ነው እንጂ!

በየዓመቱ ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦት ሸኝቼ ስመለስ ሌሊቱን እጽፋለሁ፤ በሰልፉ መካከል ያየሁት የዓይን ንግግር ሳይበርድ።

ቁም ነገርስ ምንድን ነው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ከባላባቱ ትዕቢት ነጥለው አልጻፉትም። የመደቡን ግፍ ያየነው በሁለቱ ናፍቆት ውስጥ ነው። ዘንድሮም የበዓል ጽሑፍ ብጠየቅ የምልከው የፍቅር ታሪክ ነው።