ሊፍት ያለው ግንብ ውሸታም ነውን?

“ይኼማ የውሸት ነው!” አለ ከመካከላችን አንዱ፣ ገና የኦሳካን ግንብ ሊፍት እንዳየ። በተማሪዎች ልውውጥ ከየአገሩ የተሰባሰብን ነበርን፤ ቃሉን ሁሉም ተቀባበለው። “ሂሜጂ መሄድ ነበረብን፤ እውነተኛው ግንብ እዚያ ነው” ተባለ። እኔም አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ያን መነቅነቄን ዛሬ መመለስ እፈልጋለሁ።

እርግጥ ነው፣ ማማው በ1931 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኮንክሪት የተሠራ ነው። ግን የምንፈልገው “እውነተኛ” የትኛው ነው? ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በ1583 ያስጀመረው ግንብ በ1615 ከልጁ ሽንፈት ጋር ጋየ። አሸናፊዎቹ ቶኩጋዋዎች የጠላታቸውን የድንጋይ ካብ በአፈር ቀብረው በላዩ የራሳቸውን አቆሙ፤ የእነርሱንም ማማ በ1665 መብረቅ በላው። ዛሬ ጎብኚ ሁሉ የሂዴዮሺ የሚለው ማማ የቆመው በጠላቶቹ ድንጋይ ላይ ነው! የትኛውን መልሰው ቢሠሩልን ነበር ደስ የሚለን?

ከ260 ዓመት በላይ ባዶ የነበረውን ስፍራ የሞላው ደግሞ ጦረኛ መስፍን አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ መዋጮ ነው።

ሂሜጂን አላቃልልም። በ1609 የተጠናቀቀ የእንጨት ማማ፣ ከተማው በ1945 በቦምብ ሲነድ መትረፉ ድንቅ ነው። ነገር ግን መትረፍ ዕድል ነው። ከእሳት ያመለጠውን “እውነተኛ”፣ ቤቱ የተቃጠለበትን “ውሸታም” ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

“የሲሚንቶ ጠበቃ ሆንህ” የሚለኝ አይጠፋም። አልሆንሁም። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የጎንደርን አብያተ መንግሥት በሲሚንቶ እንደጠጋገኑ እናውቃለን። ጥንታዊ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለጠፍ ጥፋት ነው። የኦሳካው ማማ ግን የተሠራበትን ዘመን አልደበቀም። ውሸት መደበቅ ነው።

ሊፍቱስ? ናጎያ ላይ በ1945 የተቃጠለውን ማማ በእንጨት መልሶ ለመሥራት ሲታቀድ፣ ሊፍት እንዳይቀር አጥብቀው የተሟገቱት አካል ጉዳተኞች ናቸው። ቅርስ እግሩ ለጸና ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው?

መቆጣት ካስፈለገስ የሚያስቆጣው ሌላ ነበር። የኦሳካ ሕዝብ ካዋጣው 1.5 ሚሊዮን የን ለማማው የዋለው 470 ሺህ ያህል ብቻ ነው፤ 800 ሺህ ያህሉ ለክፍለ ጦር መምሪያ አዲስ ሕንፃ ሄደ። ስፍራው በጦሩ እጅ ነበርና ሕዝቡ ማማውን ያገኘው ለጦሩ ሕንፃ ከፍሎ ነው። ያ መምሪያ ዛሬም እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ምግብ ቤትና የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። እኛ “የእውነት” ፈላጊዎች በደጁ አይስክሬም ስንልስ “ይኼስ የማን ቤት ነበር?” ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ዓይናችን ሊፍቱ ላይ ነበር።

እኔ የምለው ይህን ነው፤ በቅርስ ፊት ስንቆም “ዕድሜው ስንት ነው?” ከማለታችን በፊት “ማን ሠራው? ማን ከፈለ? ማን ተጠቀመ?” እንበል። እንጨቱን ከኮንክሪት ለመለየት ጥፍር ይበቃል። ታሪኩን ለመለየት ግን መጠየቅ ያሻል፤ ያን ዕለት እኛ ያልሠራነውም ይህንኑ ነው።