ሞፈርን በወሬ

ሰሞኑን በካፌም በዶርምም አንድ ወሬ ነግሧል፦ «ኮምፒዩተር የቃል ፍቺ አያውቅም፤ የቃሉን ጎረቤቶች ቆጥሮ ይለፈልፋል እንጂ!» አብዝተን የምንለውም እኛው የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን።

እስቲ አሠራሩን እንይ። እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ፈርዝ በ1957 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ቃል በባልንጀሮቹ ይታወቃል የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። በ2013 እነቶማስ ሚኮሎቭ ጉግል ውስጥ ነገሩን ወደ ስሌት አወረዱት። ከዜና የተለቀመ 100 ቢሊዮን ያህል ቃል ለመኪናው አጎረሱት፤ እያንዳንዱም ቃል የ300 ቁጥሮች ሰልፍ ሆኖ ወጣ። ጎረቤታቸው የሚመሳሰል ቃላት ቁጥራቸውም ይቀራረባል። ይኸው ነው። ለዚህ ዓይነቱ መኪና «ገና»ን ብንሰጠው የልደትን በዓልና «ገና አልመጣም»ን አንድ ሰልፍ ላይ ያሰፍራቸዋል፤ ፊደላችን ማጥበቅን አይጽፍማ! ከ2018 ወዲህ የመጡት ግን ለየዓረፍተ ነገሩ ሌላ ሰልፍ ስለሚያወጡ፣ ጎረቤቱን አይተው የመለየት ዕድል አላቸው። እኛስ ስናነብ በምን ለየነው?

አሁን ወደ ግለ ሂሱ። በየግድግዳው ከለጠፍናቸው ግጥሞች ስንቱ ላይ ነው ሞፈርና ቀንበር የተጠራው? ከመካከላችንስ ሞፈር የጨበጠ ስንት ነው? ድግሩን ከእርፉ ለዩ ብንባል ስንቶቻችን ላብ ያጠምቀናል! ሞፈር ከቀንበር ጎን፣ ቀንበር ከበሬ ጎን መቆሙን ከመጽሐፍ ስለለቀምን ብቻ ገበሬውን በግጥም አስለቀስነው። ይህ ከመኪናው ሥራ በምን ይሻላል?

አሜሪካዊው ፈላስፋ ፑትናም በ1975 ስለ ራሱ ተናዟል፦ ኤልምና ቢች የሚባሉትን ዛፎች መለየት አይችልም ነበር። ቃላቱ ግን በሱም አፍ ፍቺ አላቸው፤ የሚለያቸው ሰው በኅብረተሰቡ ውስጥ አለና። የኛም «ሞፈር» ከገበሬው የተበደርነው ነው።

ታዲያ እኛና መኪናው አንድ ነን? የለም! «ሞፈሩ አፈሩን ገመሰው» ብለን ብንጽፍ፣ «ኧረ የሚገምሰው ማረሻው ነው፣ ልጄ!» ብሎ የሚስቅብን ገበሬ አለ። አፍረን፣ ሄደን፣ ጨብጠን ማየት እንችላለን። መኪናውንም የሚያርሙት ሰዎች አሉ፤ መልሱን እያነበቡ ይሄኛው ይሻላል ይሉታል። ዳሩ ግን አራሚው የሚያየው ጽሑፉን እንጂ ሞፈሩን አይደለም። የሚያሳዝነው፣ እኛ መሄድ እየቻልን አለመሄዳችን ነው! መኪናውን ለመዝለፍ ግን አንደኛ ነን።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም ሞፈር ያለበት ግጥም ይዞ የሚመጣ ባልደረባ፣ ወረቀቱን ከመቀበላችን በፊት አንዲት ነገር እንጠይቀዋለን፦ ድግሩ ስንት ነው?